አባቴ «በልቻለሁ» ይላል፤ ሚዛኑ ግን ሌላ ይናገራል

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)፦

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ስለ አባቴ ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። አባቴ 78 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን በሽምንድፈር (በምድር ባቡሩ) የጥገና ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ገበታ ላይ ጨዋታውም ጉርሻውም የማይጠገብ ሰው ነበር። እናታችን ካረፈች 9 ወር ሆናት። ከዚያ ወዲህ ምሳውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። ምነው ስንለው «በልቻለሁ» ይላል፤ ማታ ደግሞ ሻይ በዳቦ ይበቃኛል ብሎ ይተኛል። መጀመሪያ ሐዘኑ ነው ብለን ዝም አልን። ቀበቶውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ያየሁት ዕለት ግን ደነገጥኩ። በሐምሌ ለስኳር ክትትሉ ሄዶ ሲመዘን 61 ኪሎ ነበር፤ አሁን በየካቲት 54 ኪሎ ሆኖ ተገኘ።

ያየው የጤና ባለሙያ ካርዱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እርጅና ነው፤ በዚህ ዕድሜ ምግብ ይቀንሳል» አለና የቫይታሚን ሽሮፕ አዝዞ ሸኘን። እኔ በበኩሌ ስኳር ስላለበት ጣፋጩን፣ ቅባቱንና ጨዉን ከቤታችን አጥፍቻለሁ። ሳህኑን ሞልቼ አቀርብለታለሁ፤ እስኪጨርስም አጠገቡ ተቀምጬ እለምነዋለሁ። አንዳንዴ ላጎርሰው ስሞክር ፊቱን ያዞርብኛል፤ ያን ቀን ሁለታችንም ተኳርፈን እንውላለን። በእርግጥ እርጅና ብቻ ነው? ካልሆነስ ከየት ልጀምር?


የሳቢያኗ ነርስ (በጡረታ ላይ)፦

ልጄ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። ቁጥሮቹን በመጻፍሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው «ከስተዋል» ብቻ ይላልና። ከ61 ኪሎ ላይ 7 ኪሎ መቀነስ ከ11 በመቶ በላይ ማለት ነው። በአረጋዊ ሰው ላይ በ6 ወር ውስጥ 5 በመቶ ያህል ሳይታሰብ ቢቀንስ ምክንያቱ መፈለግ አለበት፤ 10 በመቶ ካለፈማ ጉዳዩ ከባድ ነው። ስለዚህ «እርጅና ነው» የተባለው መልስ ግማሹ እውነት ቢሆንም ለአባትሽ አይበቃም።

እውነት የሆነውን ግማሽ ላስረዳሽ። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው እየሳሳ ስለሚሄድና እንቅስቃሴውም ስለሚቀንስ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ኃይል ያንሳል። የጨጓራው የላይኛው ክፍል ምግብ ሲገባበት እንደ ወጣትነቱ ላላ ስለማይልና የገባውም ቶሎ ስለማይወርድ፣ በጥቂት ጉርሻ ሆዱ የሞላ ይመስለዋል። ከትንሹ አንጀት የሚመነጨው ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ የጥጋብ ሆርሞንም በአረጋውያን ላይ ይበረታል። አፍንጫም ይደክማል፤ ከ80 ዓመት በኋላ ከግማሽ የሚበልጡት ሰዎች የማሽተት አቅማቸው ቀንሶ ይገኛል፤ ወጥ ሲቁላላ ሽታው ያልደረሰው ሰው ምኑ ያጓጓዋል? ነገር ግን ይህ ሁሉ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የሚመጣ እንጂ በ7 ወር ውስጥ 7 ኪሎ የሚያወርድ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥራ ዘመኔ ይህን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት ወጣት ወንዶችና አረጋውያን ወንዶች ለ3 ሳምንት ያህል ሆን ተብሎ ከሚያስፈልጋቸው ያነሰ ምግብ እንዲበሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ወጣቶቹ የጎደላቸውን አካክሰው በሉ፤ አረጋውያኑ ግን አላካካሱም። ይህ ማለት አንድ ሽማግሌ በወባ ወይም በሐዘን ምክንያት ለጥቂት ሳምንታት ምግብ ከቀነሰ፣ ወባው ለቆት፣ ሐዘኑም በርዶለት እንኳን ረሃቡ በራሱ ላይመለስ ይችላል ማለት ነው። «ሲያልፍለት ይበላል» ብሎ መጠበቅ የማያዋጣው ለዚህ ነው።

አሁን ከቤትሽ ጀምሪ። ባታቸውን በሰፊው ቦታ በሜትር ለኪው፤ ከ31 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጡንቻቸው መመንመኑን ይጠቁማል። በየሳምንቱ በዚያው ሚዛን፣ በጠዋት፣ ከቁርስ በፊት መዝኚያቸው። ከዚያም ከሁሉ በፊት አፋቸውን እዪ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አላቸው? ሰው ሲከሳ ድዱም ስለሚሟሽሽ ጥርሱ እየላላ ያቆስላል። ምላስና ላንቃ ላይ ነጭ ነገር ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በስኳር ሕመምተኛ ላይ ይበዛል፣ በቀላሉም ይታከማል።


የፉርጎ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

እኔ መካሪ ሳልሆን ተመካሪው ወገን ነኝ፤ 74 ዓመቴ ነው። የነርሷ ንግግር ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እስካሁን የተናገረው ሁሉ ከሳህኑ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ስለሆነ፣ ከወዲህ ያለውም ይናገር ብዬ ነው።

ልጄ፣ ሳህኑን ሞልተሽ ስታቀርቢልን እኛ የምናየው ምግብ አይደለም፤ ሥራ ነው። ሰባት ጉርሻ ቢሆን ኖሮ እጨርሰው ነበር፤ ሙሉ ሳህን ሲመጣ ግን እንደማልጨርሰው ስለማውቅ ከጅምሩ ተስፋ እቆርጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጉርሻዬን ሲቆጥር የነበረችኝም ትንሽ ፍላጎት ትጠፋለች። «አቦ ተዉኝ!» ያልኩባቸውን ቀናት ልጆቼ ይነግሩሻል።

ሁለተኛው ኀፍረት ነው። ጥርሴ እንጀራውን አይፈራም፤ ሥጋውን ነው የሚፈራው። በሰው ፊት አንድ ቁራጭ ጥብስ ለአምስት ደቂቃ ሳላምጥ ከመታየት፣ ወይም በመሐረብ ውስጥ ከመትፋት «በልቻለሁ» ማለት ይሻለኛል። «በልቻለሁ» ማለት አንዳንዴ «አልቻልኩም» ማለት ነው፤ እኛ ወንዶች ይህን ቃል ማውጣት ያቅተናል።

ሦስተኛው፦ አባትሽና እኔ በአንድ ጋራዥ ሳንሠራ አልቀረንም። ስማቸውን እዚህ እንዳትጽፊው እንጂ በግል መልእክት ብትነግሪኝ እወዳለሁ። በሽምንድፈር ዘመን ምሳ ብቻውን የበላ ሰው አላውቅም፤ ስምንት ሆነን በአንድ ትሪ ነበር። አሁን ሰውየው ብቻቸውን፣ ያውም እያለቀሰች በምትለምናቸው ልጅ ፊት እንዲበሉ ይጠበቃል።


የከዚራ ጥላ፦

አባባ፣ እውነት ለመናገር ጽሑፍዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥርሱን ዛሬ አየሁት፤ የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲናገር እንኳን ይንቀሳቀሳል፣ ከሥሩም ድዱ ቆስሏል። አንድም ቀን አልነገረንም። በግል መልእክት እጽፍልዎታለሁ።


መድኃኒት ቤት ነኝ (ድሬዳዋ)፦

እህቴ፣ አባትዎ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ቢዘረዝሩልን ጥሩ ነው። ሽማግሌ ምግብ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚታየው ሆዱ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የመድኃኒት ከረጢቱ ቢቀድም ይሻላል።


የከዚራ ጥላ፦

ለስኳሩ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ፣ ግሊቤንክላማይድ ጠዋት፣ ለደም ግፊቱ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ እግሩን ሌሊት ስለሚያቃጥለው ደግሞ ከመኝታ በፊት አሚትሪፕቲሊን።


መድኃኒት ቤት ነኝ፦

አመሰግናለሁ። በቅድሚያ አንዱንም በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ እለምንዎታለሁ፤ የምጽፈው ከሐኪማቸው ጋር ለመነጋገር እንዲረዳዎት ነው።

ሜትፎርሚን ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ ለዓመታት ሲወሰድም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያስከትል ይችላል። የዚህ ቫይታሚን እጥረት ራሱ ምላስን ያቆስላል፤ እግርንም ያቃጥላል። ስለዚህ የእግራቸው ማቃጠል የስኳሩ ነው ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድም ያደርቃል። ምራቅ በሌለበት አፍ ደረቅ እንጀራ እንዴት እንደሚወርድ ያስቡት፤ ለአራት ቀን ሆዱ ያልወጣ ሰውም አይርበውም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፣ በአረጋውያን ላይ የደም ሶዲየምን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህም ምግብ ያስጠላል፣ ያደክማል፣ ሲብስም ያደናግራል። በአረጋውያን ላይ የጥማት ስሜት ስለሚደክም፣ በድሬዳዋ ሙቀት ውኃ እስኪጠይቁ መጠበቅ አይገባም።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ መድኃኒት ሰውየው በላም አልበላም ስኳሩን ያወርዳል። ጠዋት ውጠውት ቁርሳቸውንና ምሳቸውን ካልበሉ፣ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ወርዶ ሊያልባቸው፣ ሊንቀጠቀጡ፣ ሊቀባዥሩ፣ ራሳቸውንም ሊስቱ ይችላሉ። ለአረጋውያን ባይመረጥ የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰሞኑን ላብ ወይም መቀባዠር አይተውባቸው ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ነገ ይውሰዷቸው።


ገንደ ቆሬ፦

ይቅርታ አድርጊልኝና እህቴ፣ ማንም ስላልጠየቀ ልጠይቅ፤ አባባ ይቅማሉ ወይ?


የከዚራ ጥላ፦

ይቅማል። ድሮ ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ነበር፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ በየቀኑ ሆኗል።


ጁገል ውስጥ (ሐረር)፦

እንግዲህ ወደ ጨዋታው ልግባ፤ ይህ የእኛም የቤት ጉዳይ ነውና። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ ነው፤ ረሃብን ያጠፋል፣ ጨጓራም ቶሎ እንዳይራገፍ ያደርጋል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ከሰዓት በኋላ የቃመ ሽማግሌ ማታ የማይርበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሊት ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ደክሞት ሲነሣ ደግሞ ቁርስም አያምረውም።

በከተማችን አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች ጫቱን በሙቀጫ አስወቅጠው ይወስዳሉ፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ይወቅጥላቸዋል። ለጫቱ ሙቀጫ የተገኘለት ቤት ለሥጋው ግን አልተገኘለትም። እኔም የዚያ ቤት ልጅ ነኝ፤ አባቴ በሕይወት ሳለ ጫቱን ስወቅጥለት አድጌ፣ ሥጋውን ግን «ማኘክ አቃተው» ብለን ከፊቱ አንሥተን እኛ በላነው። አሁን ለእናቴ ሥጋውን ከመቀቀሉ በፊት አስፈጭቼ በሩዝ አሠራላታለሁ፤ ምስሩም ባቄላውም እስኪፈርስ ይበስላል።

ይሁን እንጂ ጫቱን በአንድ ቀን ንጠቂያቸው የሚለውን ምክር አልደግፍም። በርጫው (አብሮ ተቀምጦ መቃሙ) ለአባትሽ ከቤት የሚወጡበትና ሰው የሚያገኙበት ብቸኛው ቦታ ሊሆን ይችላል። በሐረርም በድሬም የቆየው ሥርዓት ከበርጫ በፊት ጥሩ ምሳ መብላት ነውና ያንን ሥርዓት መልሱት። የቀኑ ዋና ምግብ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ይብሉ፤ ከእሱም በላይ ቁርሱን አጥብቂው። በድሬ ሙቀት ፀሐይ ከበረታች በኋላ ማንም አይበላም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አየሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ፣ እንቁላል የገባበት ፈጢራ ወይም ለስለስ ያለ ፉል ቢያገኙ የቀኑ ግማሽ ያዘ ማለት ነው።

የእናቴንም ነገር ላንሣ። ከክፍሏ መውጣት ስለከበዳት ምግቧን በትንሽ ሳህን ወደ ክፍሏ እንወስድላት ነበር፤ ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል። አንድ ቀን ቤቱ ጠቦ አስቸግሮን ልጆቹን ከነምሳቸው እሷ ክፍል አስቀመጥናቸው። ከልጆቹ ሳህን እየነጠቀች በላች! ከዚያ ወዲህ የልጆቹ ምሳ እዚያው ነው። ከሰዓት በኋላም በር ላይ ከሚሸጡት ሴቶች የምንገዛውን ወተት አፍልተን በሆጃዋ (ከቡና ገለባ በሚፈላው መጠጥ) ውስጥ እንጨምርላታለን። «ምግብ» ብትባል እምቢ የምትለውን በስኒ ትጠጣዋለች።


ጥንቁቅ የስኳር ሕመምተኛ፦

በአክብሮት ልቃወም። የስኳር ሕመምተኛ ለሆነ ሰው ፈጢራ፣ ሩዝ፣ ወተት ማለት እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። እኔ ለ12 ዓመት ራሴን የጠበቅኩት ከእነዚህ በመራቅ ነው። የእህታችን ጥንቃቄ ሊመሰገን ሲገባው ለምን ትተቹታላችሁ?


ሐኪም ከሐረር፦

ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ወንድሜ፣ የእርስዎ ጥንቃቄ ለእርስዎ ትክክል ነው። ነገር ግን አንድ የ50 ዓመት ወፍራም ሰው ስኳሩን አጥብቆ የሚቆጣጠረው ከ15 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ሊመጣበት የሚችለውን የዓይንና የኩላሊት ጉዳት ለመከላከል ነው። 78 ዓመት ሞልቷቸው በ7 ወር ውስጥ 7 ኪሎ ለጎደላቸው አባት ግን አደጋው የሚመጣው በዚህ ዓመት ነው፤ ጡንቻ ያጣ ሽማግሌ ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰበራል፣ በሳንባ ምች ይያዛል፣ ከአልጋም ላይነሣ ይችላል። ለደከሙና ብዙ ሕመም ለተደራረበባቸው አረጋውያን የሦስት ወር አማካዩን የስኳር ልኬት ከ7 በመቶ በታች ለማውረድ መጨነቅ ቀርቶ ከ8 በመቶ በታች ቢሆን ይበቃል የሚባለው ለዚህ ነው። ምግብ የሚገድብ ጥብቅ ሥርዓትም ለከሳ አረጋዊ አይመከርም። ስኳሩ ከፍ ካለ መድኃኒቱን እናስተካክላለን፤ ምግቡን ግን አንነጥቅም። ይህ ማለት ለስላሳ መጠጥና ሙሸበክ የተባለው ጣፋጭ ይጉረፍ ማለት አይደለም። ቅባት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬና ልከኛ ጨው ግን ወደ ወጡ ይመለሱ። ጨውና ቅመም የሌለው ወጥ አፍንጫው ለደከመ ሰው እንደ ጭቃ ነው።

መጠኑን በግምት ላስቀምጥ። ለአረጋዊ ሰው በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲንና 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል እንደ መነሻ ይወሰዳል። ኩላሊታቸው በጣም የተጎዳ ካልሆነ፣ ለ54 ኪሎ ሰው ይህ ከ54 እስከ 65 ግራም ፕሮቲንና 1,600 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከ7 እስከ 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሻይ በዳቦ እራት ከዚህ ስሌት ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት አያስቸግርም። ሆዳቸው ትንሽ ስለሚይዝ በሦስት ትልልቅ ገበታ ፋንታ በአምስት ወይም በስድስት ትንንሽ ሳህን ይከፋፈል፤ ውኃውም ከምግብ በፊት ሆድ እንዳይሞላ በመካከል በመካከሉ ይሰጥ።

ነገር ግን ሳህኑን ከማስተካከል በፊት ወይም ጎን ለጎን መመርመር የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ሳል፣ የማታ ላብና ትኩሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ መታየት አለበት፤ በአረጋውያን ላይ ያለ ብዙ ሳል በክሳትና በድካም ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ምግብ ጉሮሮ ላይ መቆም፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ጥቁር ሰገራ ካለ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) ያስፈልጋል። ውኃ ሲጠጡ የሚስላቸው ከሆነ፣ በተለይ ቀደም ሲል ስትሮክ ከነበረ፣ ተኝተው ፈጽሞ አይመገቡ። የደም ማነስ፣ የኩላሊት፣ የሶዲየምና የእንቅርት ዕጢ ምርመራም መደረግ አለበት።

በመጨረሻም ድባቴው። 9 ወር ያለፈው የሚስት ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በየቀኑ መቃም፣ ምግብ መተው፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲመጡ «ሐዘን ነው» ብለን የምናልፈው ነገር ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል። አባትዎ «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» የሚል ቃል ያወጣሉ? ካሉ በምርመራው ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እሳቸው አይናገሩትምና።


የሳቢያኗ ነርስ፦

ሐኪሙ ያላነሡትን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ልጄ፣ አባትሽ ይጾማሉ?


የከዚራ ጥላ፦

ይጾማል፤ እናቴ ከሞተች ወዲህማ አጥብቆታል። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም። ሁዳዴም ገብቷል። «የእናትሽ ጾም ነው» ይላል፤ እኔም በዚህ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም።


የሳቢያኗ ነርስ፦

አንቺ አትናገሪ፤ የንስሐ አባታቸው ይናገሩ። በእኔ ልምድ ሐኪም የጻፈውን ወረቀት ይዘሽ ለቄሱ ብታስረጂያቸው ብዙዎቹ አባቶች ለሕመምተኛና ለደካማ ሽማግሌ ሰዓቱን ያቀልላሉ። ልጅ «አትጹም» ሲል ግን ሽማግሌ ይብስበታል። ሰዓቱ ቢቀልና የጾም ምግቡ ቢጠነክር ራሱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሽሮውን በዘይት አለስልሺው፣ ምስር፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ አለልሽ። ግሊቤንክላማይድ ተውጦ ካልተበላ ስኳር ከመጠን በላይ እንደሚወርድ ግን መድኃኒት ቤት ያሉትን አስቢ፤ ያን ወረቀት የሚጽፈው ሐኪም ይህንንም ይወቅ።


ጁገል ውስጥ፦

በእኛም በኩል እንደዚሁ ነው። እናቴ ረመዳንን መጾም አልቻለችም ሲባል ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ሸኻችን መጥተው መጾም የማይችል ሽማግሌ በየቀኑ አንድ ችግረኛ ቢያበላ ፊድያው እንደሚበቃው ሲያስረዷት ነው ልቧ ያረፈው። አሁን ለፊድያዋ የምታስበስለውን ምግብ ቀድማ ራሷ ትቀምሳለች።


የፉርጎ ልጅ፦

ሰውየውን አወቅኳቸው። ሐሙስ ለምሳ እመጣለሁ፤ ሁለት ሰው የሚበላውን በአንድ ትሪ አቅርቢልን፤ አንቺ ግን ከጓዳ አትውጪ።


የከዚራ ጥላ፦

ከ7 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምርመራው ተደረገ። ነቀርሳም ሆነ የጨጓራ ችግር አልተገኘበትም። ሶዲየሙ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የቢ12 መጠኑም አነስተኛ ሆኖ ስለተገኘ መርፌ ተጀመረለት። ግሊቤንክላማይዱ ቆመ፤ የግፊቱ መድኃኒት ተቀየረ፤ አሚትሪፕቲሊኑም በሌላ ተተካ። በእርግጥም ሁለት ቀን ጠዋት አልቦት ነበር፤ እኛ ሙቀቱ ነው ብለን አልፈነው ነበር። ስለ ድባቴው ሐኪሙ ለብቻው አነጋገረው፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም፤ በየ15 ቀኑ ግን ተመልሶ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ ጥርሱ ተስተካከለ፤ እስኪዳን ድረስ ያለ ጥርስ የሚበላውን ብቻ ሠራሁ። የንስሐ አባቱም እስከ 9 ሰዓት የሚለውን አስቀሩለት፤ ጾሙን ግን ጾሞ ፈሰከ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሚዛኑ ምንም አልነቃነቀም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ 53.6 አሳየና አለቀስኩ። አሁን 55.8 ኪሎ ነው። ጫቱን አልተወም፤ ከምሳ በኋላ ብቻ ሆኗል፤ እሱም በሳምንት አራት ቀን። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጡት እንግዳችን ደግሞ ማክሰኞንም ጨምረዋል። እኔ ከጓዳ አልወጣም፤ ሳቃቸውን ግን እሰማለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አባቴ ትሪውን ወደ ጓዳ መልሶ ልኮ «ጨው አንሶታል» አስባለኝ። በዓመት ውስጥ ስለ ምግብ የሰነዘረው የመጀመሪያው ቅሬታ ነው።

በጣም የወደደው በለውዝ የሚሠራውን አጥሚት ነው፤ ከጫት በኋላ ማታ ሌላ ነገር እምቢ ሲል እሱን አይመልስም።


ገንደ ቆሬ፦

እሰይ እህቴ! አያቴም እንደ አባባ ሆናብኛለችና አጥሚቱን እንዴት እንደምትሠሪው ብትነግሪኝ።


የከዚራ ጥላ፦

የባቢሌ ለውዝ ነው የምገዛው። መጀመሪያ እየለቀምኩ የሻገተውን፣ የተሸበሸበውንና ቀለሙ የተለወጠውን እጥላለሁ፤ በሻገተ ለውዝ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በመቁላት አይጠፋም ብለው ነርሷ በግል አስጠንቅቀውኛል። ከዚያ በቀስታ ቆልቼ፣ ገለባውን አሽቼ አራግፌ፣ ቅቤ እስኪመስል እወቅጠዋለሁ። ሦስት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ዱቄት በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ፣ በፈላ ወተት ላይ እያማሰልኩ እጨምራለሁ፤ በጾም ቀን በውኃ ብቻ ይሆናል። ሲበስል ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለውዝ፣ ቁንጥር ጨውና ጥቂት ኮረሪማ። በትንሽ ስኒ ነው የማቀርበው፤ ሁለተኛውን ስኒ ራሱ ይጠይቃል። አያትሽ ወተት የሚነፋት ከሆነ ግን መጀመሪያ በውኃ ሞክሪው።


ገንደ ቆሬ፦

ወንድ ነኝ እህቴ፤ ግን እሞክረዋለሁ። ሙቀጫው አለን።